ፋይሉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ጠፋ

አማኑኤል፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ከሃያ ዓመት በፊት በኮምፒውተር የተጻፈ የፍርድ ቤት ውሳኔ ዛሬ በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ በአማርኛው ፈንታ የተደበላለቀ የላቲን ፊደል ሊወጣ ይችላል። ባለጉዳዩ «ቫይረስ በልቶታል» ይባልና ይመለሳል። ፋይሉ ግን እንዳለ ነው። የጠፋው ማንበቢያው ነው።

ነገሩ የመጣው ከድሮው ማሽን ጥበት ነው። ያኔ አንድ ፎንት ከ256 በላይ ምልክት አይዝም። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ፊደሉ ከአንድ በላይ ፎንት ላይ ተከፋፈለ፤ ሶፍትዌር ሠሪዎቹም በየራሳቸው ሠንጠረዥ አስቀመጡት። ዩኒኮድ የጋራ ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ብዙ ቢሮ ግን ከዚያም በኋላ በለመደው ቀጠለ።

ፕሮግራሞቹም የዚያ ጥበት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ኢንቴል 8086 ሜሞሪውን የሚያየው በ64 ኪሎባይት ክፍል ከፋፍሎ ነበር። በሲ ቋንቋ የሚጽፍ ባለሙያ መረጃው «ቅርብ» ይሁን «ሩቅ» ራሱ ይለይ ነበር። የዛሬው ኮምፓይለር ይህን አይፈልግም። ቃላቱን ሰርዞ ኮዱን ማሳለፍ ይቻላል፤ አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ 2 ባይት የነበረው ተራ ቁጥር ዛሬ 4 ባይት ይይዛል። አዲሱ ፕሮግራም የድሮውን መዝገብ በአዲሱ ልክ ካነበበው፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ ሁሉም ይዛነፋል። ፕሮግራሙ ሳይቆም፣ ስሕተት አለ ሳይል፣ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። የመሬት ስፋት ወይም የብድር ሒሳብ ሲሆን ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ነገሩ ለሰዉ እንግዳ አይሆንም፤ ፈቺ ከሌለ ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ ይቀበራል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አሮጌው ኮምፒውተር ሳይጣል ፎንቱ ከነፋይሉ ይቀዳ፤ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ የተለወጠውም ማኅተም ካለበት ወረቀት ጋር ይመሳከር። ሶፍትዌሩን የሠሩት ባለሙያዎችም ሠንጠረዣቸውንና ኮዳቸውን በሕይወት ሳሉ ያስረክቡ። ገበሬው ለይግባኝ በመጣ ቀን ፈቺ መፈለግ ዘግይቷል።