የአማንን ውሃ ማን ይመዝግብ?

ተራው ሰው ወፍ እየቆጠረ፣ ዝናብ እየለካ፣ ያየውን በስልኩ ለተመራማሪዎች የሚልክበት «የዜጎች ሳይንስ» የሚባል አሠራር በየአገሩ እየተስፋፋ ነው። ሲወደስ ሁሌም የሚነሳለት በሩ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው። ማን እንደገባበት ሲታይ ግን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት በ195 የአሜሪካ ከተሞች የወፍ ምዝገባ የት የት እንደተካሄደ ከ1930ዎቹ የቤት ብድር ካርታዎች ጋር አመሳክሮ ነበር። ያኔ ብድር አያዋጣባቸውም ተብለው በቀይ የተቀለሙት፣ ጥቁሮችና ስደተኞች የሚበዙባቸው ሰፈሮች፣ ዛሬም ምዝገባ እጅግ የሚያንስባቸው ሆነው ተገኙ፤ ክፍተቱም ሰፋ እንጂ አልጠበበም። እዚያ ምን ወፍ እንዳለ በወጉ ለማወቅ የሚበቃ ቆጣሪ አልደረሰም። በበጎ ፈቃድ የሚሰበሰብ መረጃ ጊዜና ገንዘብ የተረፈው ሰው የሚውልበትን ቦታ መዝግቦ «ከተማው ይኸው» ይለናል።

ነገሩን ወደ ዮርዳኖሷ አማን ላምጣው፤ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ብዙ እህቶቻችን ያሉባት ከተማ ናትና። በዮርዳኖስ ለአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ታዳሽ ውሃ ከ100 ሜትር ኩብ በታች ነው፤ የከፋ እጥረት የሚባለው ከ500 በታች ሲሆን ነው። በአማን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ፣ በአብዛኛው በሳምንት አንዴ ገደማ ይመጣል፤ በቀሩት ቀናት ቤቱን የሚያኖረው ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። ሮበርት ፖተርና ካዲጃ ዳርማሜ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት የታላቋ አማን ጥናት እንዳሳዩት ሀብታም ቤት የሚያጠራቅመው ውሃ ከድሃው ብዙ እጥፍ ነው። ቢያልቅበትም ቦቴ ይጠራል። እንግዲህ የሀብታሞቹ ሰፈር የአብዱን ፈረቃና የስደተኞች መጠለያው የዊሕዳት ካምፕ ፈረቃ በወረቀት ቢመሳሰሉም በኑሮ አይገናኙም። ውሃው መቼ መጣ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ጉልበት ነበረው ወይ የሚለውን ነዋሪው ራሱ ቢመዘግብ ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ማን ይመዝግብ ከተባለ ደግሞ ከቤት ሠራተኛዋ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ውሃ በሚመጣበት ቀን የሳምንቱ ልብስ፣ አንሶላው፣ ወለሉ፣ ደረጃው ሁሉ ይጠብቃታል። ሮቶው መሙላቱን ጣሪያ ወጥታ የምታየው እሷ፣ ሲጎድል ደግሞ ዕቃ ያለቀለቀችበትን ውሃ ለወለል የምታስቀረው እሷ ናት። አሠሪዋ ማዳም ስለ ውሃ ብትጠየቅ ዞራ የምትጠይቀው እሷኑ ነው። ለምዝገባው የሚሆን ጊዜ ግን ከየት ታምጣ? ዮርዳኖስ በ2008 እ.ኤ.አ. የቤት ሠራተኞችን በአሠሪና ሠራተኛ ሕጓ ያካተተች የመጀመሪያዋ የአረብ አገር ናት፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብም ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ይሰጣል። ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ግን ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነውና ያንን ቀን መጠየቅ ራሱ ድፍረት ይፈልጋል።

«የከለከላት የለም፣ ከፈለገች ትሳተፍ» የሚል ይኖራል። ፈቃድ ግን ከስልክ፣ ከኢንተርኔት ካርድና ከነጻ ሰዓት ተነጥሎ አይቆምም፤ ከአሠሪዋ ወጥታ ኢቃማዋ ለተቃጠለባት ሴት ደግሞ ያለችበትን ቦታ የሚጠይቅ አፕ መጫን አደጋ ነው። «ያልሠለጠነ ሰው የለካው ምን ይታመናል?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ደካማው ይመስለኛል። መልሱ አገራችን ውስጥ አለ፦ በዳንግላ ወረዳ፣ ዳንገሸታ ላይ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬዎች ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውሃ ሲለኩ ነበር። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ዎከርና ባልደረቦቹ ልኬቱን አመሳክረው በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ጥራቱ ከመደበኛ ጣቢያዎች እንደማያንስ አሳይተዋል።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ደመወዟ በወጉ በማይከፈላት ሴት ላይ ነጻ ተጨማሪ ሥራ መጫን ፍትሕ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ከተቃዋሚው ጋር ነኝ። የሀብታም ሰፈር ሰው ለመዝናኛ የሚያደርገው ለእሷ ሥራ ከሆነ ሊከፈላት ይገባል፤ ተመራማሪው ደመወዝ እየበላ መዝጋቢዋ ምስጋና ብቻ የምትወስድበት ምክንያት አይታየኝም። ምዝገባው በአማርኛ የድምፅ መልእክት ቢሆን፣ ቤቷ ቀርቶ ሰፈሯ ብቻ ቢጻፍ፣ ስሟም ባይጠየቅ አደጋው ይቀንሳል። ውጤቱም ጆርናል ላይ ከመውጣቱ በፊት በዚህ ሳምንት የየትኛው ሰፈር ፈረቃ እንደዘለለ እየነገረ፣ ቦቴ የመጥራት አቅም ለሌላቸው ቤቶች ይድረስ።