ዝናብ ሳይዘንብ ያፈሰሰ ቤት

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ በከረመችበት ዓመት፣ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ፣ ከምትተኛበት ክፍል ኮርኒስ ውኃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የምንኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወርዶ ሰንብቶ፣ ያን ቀን ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ለዘብ ብሎ ነበር። እማዬ ባልዲውን ከአልጋዋ አጠገብ አድርጋ፣ ጋቢዋን ደርባ ወደ ላይ ታያለች። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት በቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናብ ሳይዘንብ የሚያፈስ ቤት ግን ገና ዛሬ አየሁ» አለችኝ።

ሳቅኩኝ። መልሱን እዚያው እንደነገረችኝ የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ቤታችን አሮጌ ነው። ከኋላ የተቀጠለው ክፍል፣ ማለትም ኩሽናው፣ መታጠቢያ ቤቱና የእማዬ መኝታ ያሉበት፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ ጣሪያ ቆርቆሮም ክዳንም የለውም፤ ውኃ የሚከለክለው ከላይ የሚነጠፍ ሜምብሬን የሚባል አንሶላ መሰል ሽፋን ነው። ስንገዛው ቤቱን የፈተሸልን ሰው ሜምብሬኑ ማርጀቱን ነግሮን ስለነበር፣ ሲያፈስ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለአፍታም አልተጠራጠርኩም።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ማስተርሴንም የያዝኩት እዚሁ አገር ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ሲጨንቀው ኤክሴል ይከፍታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሜምብሬን ሳወዳድር አመሸሁ። ቲፒኦ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ መጋጠሚያው በሞቃት አየር ስለሚበየድ ጠንካራ ነው። ነጭነቱ ግን ፀሐይን የሚመልስ በመሆኑ ለዱባይ እንጂ ለእኛ ክረምት ብዙም አይፈይድም። ፒቪሲ የሚለሰልሰው በሚጨመርበት ማለስለሻ ነው፤ ማለስለሻው በዓመታት እየወጣ ሲያልቅ ይደርቃል። ድሮ የተሠሩት፣ በውስጣቸው ማጠናከሪያ መረብ ያልነበራቸው፣ በብርድ እንደ መስተዋት የተሰነጣጠቁበት ጊዜ ነበር። ከሬንጅ ከሚሠሩት ደግሞ ለብርድ አገር የሚሻለው ኤስቢኤስ የሚባለው፣ ጎማ የተቀላቀለበት ነው። ነገር ግን በጋዝ ነበልባል እያቀለጡ የሚለጥፉት አሠራር አለው፤ የእንጨት ቤት ላይ እሳት ይዞ የሚወጣ ሰው ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ኢፒዲኤም ጥቁር ጎማ ነው፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ድክመቱ መጋጠሚያው ላይ ነው፤ አይበየድም፣ በማጣበቂያ ነው የሚያያዘው።

ሦስት ባለሙያዎች ጠራሁ። ሦስቱም የመከሩኝ ራሳቸው የሚሠሩበትን ነው።

አራተኛው ሸምገል ያለ ሰውዬ ነበር። መሰላሉን ከመኪናው ሳያወርድ «የሚያፈሰው መቼ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «በበጋ፣ ያ ሁሉ ማዕበል ሲዘንብስ?» ቆም ብዬ አሰብኩ። በበጋ አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም!

ሰውዬው ወደ ላይ አልወጣም፤ የመታጠቢያ ቤቱን ኮርኒስ ትንሽ ቀደደው። የአየር ማስወጫው ቱቦ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከኮርኒሱ በላይ፣ እዚያው ጣሪያው ሆድ ውስጥ ያልቃል። ቤቱን ያደሰው ማንም ይሁን ማን፣ እንፋሎቱን እዚያ እየነፋ ትቶት ሄዷል። የኩሽናውም እንፋሎት በየቀዳዳው ወደዚያው ይወጣል። ሞቃቱ እርጥብ አየር በብርድ የቀዘቀዘውን ጣውላ ሲነካ አመዳይ ይሆናል፤ ሳምንት ሙሉ ይጠራቀማል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። እማዬ ከመጣች ወዲህ ደግሞ ቤታችን ሽሮው፣ ምጣዱ፣ ቡናው እስከ በረካ ነው።

ይህን አማርኛ አድርጌ ስነግራት እንዴት እንዳቀለልኩት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። «ያንጠባጠበው ያንቺ ቡና ነው» አልኳት። በማግስቱ ቡና አላፈላችም። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ጠጋ ብላ ስትጠይቃት «ቤታችሁን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ አይደል?» አለቻት። እማዬን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይዣት ሄጄ ቱቦውን በባትሪ አሳየኋት። ትክ ብላ አየችውና «ጭስ መውጫ የሌለው ጎጆ ማን ሠራ?» አለች። ከሰዓት ቡና ተቆላ።

ሥራውን እስከ ጁን አቆየነው፤ ማጣበቂያው ከ4 እና ከ5 ዲግሪ በታች በደንብ አይዝም። እስከዚያው ቱቦውን በጊዜያዊነት ወደ ውጭ አወጣነው። ከዚያ የበሰበሰው ጣውላ ተቀየረ፤ በእንጨቶቹ መካከል የነበረው እርጥብ ፋይበርግላስ ወጣ። ጣውላው ላይ የእንፋሎት መከላከያ፣ በላዩም ሁለት ድርብ የሙቀት መከላከያ ሰሌዳ ተነጠፈ፣ የአንዱ መጋጠሚያ በሌላው ላይ እንዳያርፍ ተደርጎ። ጋቢውን ከላይ እንደ መደረብ ነው፤ ጣውላው ራሱ ሙቀቱ ውስጥ ስለሚቀር አመዳይ አይዝም። ፖሊአይሶ የሚባለው ሰሌዳ ብርድ ሲጠና አቅሙ ስለሚቀንስ ወፈር አደረግነው። ውኃው እንዳይተኛም በመቶ ሁለት እጅ ተዳፋት ተሰጠው። በመጨረሻ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኢፒዲኤም ተለጠፈ። ካወጣነው ገንዘብ የሜምብሬኑ ድርሻ ትንሹ ነበር።

ኤክሴሌ ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር ደግሞ ሰውዬው ነገረኝ፤ ኢፒዲኤም ዘይትና ስብ ይጎዳዋል። እንደ እኛ ቅቤና ዘይት የሚያቁላላ ኩሽና ማስወጫው በጣሪያው ላይ መውጣት የለበትም። የእኛ በጎን ግድግዳ ወጣ።

እማዬ ከተመለሰች ሁለት ክረምት አልፏል። ብርድ በሆነ ቁጥር ትደውልና መጀመሪያ ኮርኒሱን እንዳሳያት ታዘኛለች። ስልኩን ወደ ላይ አዙሬ እይዝላታለሁ። «ወደ ጥጉ አድርገው» ትላለች፤ አደርገዋለሁ። ከዚያ «በሉ አሁን ቡናውን አፍሉ» ትለናለች።