ክፋቱ በብዛቱ

ሕፃናትን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች መካከል ኒውሮብላስቶማ የሚባለውን ያህል የሐኪሞችን ግምት ሲያፋልስ የኖረ ደዌ ጥቂት ነው። በ1910 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው የሥነ ደዌ ሊቅ ጄምስ ሆመር ራይት ነበረ፤ መነሻውም ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ ነርቭ ይሆኑ ዘንድ የተመደቡ፣ ነገር ግን እድገታቸውን ሳይፈጽሙ የቀሩ ሕዋሳት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከኵላሊት በላይ በምትገኘው ዕጢ ይበቅላል፤ ከሚይዛቸውም ልጆች ብዙዎቹ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የሚያስደንቀው ግን ፍጻሜው ነው። አንዱ ዓመት ያልሞላው ሕፃን፣ ደዌው ወደ ጕበቱና ወደ ቆዳው ተሰራጭቶ ሳለ፣ መድኀኒት ሳይቀምስ እብጠቱ በራሱ ጊዜ እየሟሸሸ ይጠፋለታል፤ ሌላው የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ መድኀኒቱም፣ ቀዶ ጥገናውም፣ ጨረሩም ሁሉ ከተፈጸመለት በኋላ፣ በዚያው ስም የሚጠራው ደዌ ተመልሶ ይገድለዋል።

ለዚህ ልዩነት የሕፃኑ ዕድሜም ሌሎች ምክንያቶችም ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ከሁሉ ጎልቶ ከተገኙት አንዱ የአንድ ዘረ መል ቍጥር ነው። ኤን-ሚክ የሚባለው ይህ ዘረ መል በሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል፤ በጤናማ ሕዋስ ውስጥም ሁለት ቅጅ ብቻ አለው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የተወረሰ ነው። ጽንሱ በማኅፀን ሲያድግ የነርቭ ዘር የሆኑት ሕዋሳት እንዲባዙ የሚያዝዘው እርሱ ነውና፣ ያለ እርሱ አገልግሎት ሕፃን ሕፃን ሆኖ ባልተወለደም ነበር። ከኒውሮብላስቶማ ሕሙማን መካከል በአንድ አምስተኛው ገደማ ግን ይኸው ዘረ መል በእብጠቱ ሕዋሳት ውስጥ ከዐሥር እስከ ብዙ መቶ ቅጅ ደርሶ ይገኛል፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በጽሕፈቱ ላይ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ። እንግዲህ በጎውን ትእዛዝ ወደ ጥፋት ያዞረው የባሕርይው መለወጥ ሳይሆን የቍጥሩ መብዛት ነው።

ሊቃውንቱ ይህን የተረዱት በአንድ ጊዜ አይደለም። ኮክስ፣ ዩንከንና ስፕሪግስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በ1965 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ በሕፃናት እብጠት ሕዋሳት ውስጥ ከክሮሞዞሞቹ ውጭ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተበተኑ ደቃቃ አካላትን በማይክሮስኮፕ እንዳዩ ጻፉ፤ ምን እንደ ሆኑ ግን የሚናገር አልነበረም። በ1976 ጁን ቢድለርና ባርባራ ስፔንግለር በኒውሮብላስቶማ ሕዋሳትና መድኀኒት በማይበግራቸው የእንስሳ ሕዋሳት ክሮሞዞሞች ላይ፣ እንደ ሌላው ክፍል የቀለም ዝንጕርጕርነት የሌለው፣ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ረጅም ክፍል አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላም የስታንፎርዱ ሮበርት ሺምኬና ባልደረቦቹ፣ ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኀኒት የተላመዱ የአይጥ ሕዋሳት መድኀኒቱ የሚያጠቃውን ኤንዛይም የሚሠራላቸውን ዘረ መል አብዝተው እንደሚያመልጡ አስረዱ። በ1983 ማንፍሬድ ሽዋብ ከማይክል ቢሾፕና ከሃሮልድ ቫርመስ ጋራ፣ እንዲሁም በዚያው ዓመት የፍሬድ አልት ቡድን፣ በኒውሮብላስቶማ ውስጥ የተባዛው ዘረ መል የትኛው እንደ ሆነ ገለጡ። በ1984 ደግሞ ጋሬት ብሮደርና ባልደረቦቹ ገና ሕክምና ያልጀመሩ የ63 ልጆችን እብጠት መርምረው፣ ደዌው ካልገፋባቸው 15 ልጆች በአንዱም ላይ ብዛቱን ሲያጡት፣ ደዌው ከገፋባቸው 48 ልጆች ግን በ24ቱ ላይ አገኙት።

ታዲያ ሁለት የነበረው እንዴት መቶ ሆነ? ብዙ ሰው ዘረ መሉ ያለ ማቋረጥ ራሱን የሚቀዳ ይመስለዋል፤ ምስጢሩ ግን በመቀዳቱ ሳይሆን በመከፋፈሉ ላይ ነው። ጤናማ ሕዋስ ሊከፈል ሲል ክሮሞዞሞቹን እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ይቀዳል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ክሮሞዞም ወገብ ላይ ባለው መያዣ ቀጫጭን ክሮች እየሳቡ ለሁለቱ ልጆች ሕዋሳት እኩል ያካፍሏቸዋል፤ ርስት በሽማግሎች ፊት ተለክቶ ለወራሾች እንደሚታደል ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ክሮሞዞም ይሰበርና ኤን-ሚክን የያዘው ስባሪ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ቀለበት ይሆናል። ይህ ቀለበት እንደ ክሮሞዞሞቹ ሁሉ በየክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ይቀዳል፤ መያዣ ስለሌለው ግን ወዴት እንደሚወድቅ የሚወስንለት የለም። ዐሥር ቀለበት የነበረው ሕዋስ ሃያ አድርጎ ቢከፈል፣ አንዱ ልጅ ዐሥራ አራት፣ ሌላው ስድስት ሊደርሰው ይችላል። ዐሥራ አራት የደረሰው ሕዋስ የመባዛት ትእዛዝ በዝቶለታልና ከወንድሙ ቀድሞ ይከፈላል፤ ከእርሱም ልጆች መካከል እንደ ገና ብዙ የደረሰው ይቀድማል፤ እንዲህ እየሆነ፣ አድልዎውና ሽሚያው እየተደጋገመ፣ በጥቂቱ የጀመረው ወደ መቶዎች ይደርሳል። በ1965 የታዩት ደቃቃ አካላት እነዚህ ቀለበቶች ናቸው፤ ቢድለርና ስፔንግለር ያዩት ረጅም ክፍል ደግሞ እንዲህ የበዛው ዘረ መል በክሮሞዞም ውስጥ ተሰክቶ ሲቀመጥ የሚታይበት መልክ ነው።

ከዚህም የሚከፋው፣ ቀለበቱ ዲኤንኤውን እንደ ክሮሞዞሞቹ አጥብቆ ስለማይጠቀልል ትእዛዙ በቀላሉ መነበቡ፣ ከተሰበረበትም ስፍራ ትእዛዙን የሚያበረቱ ሌሎች የዲኤንኤ ክፍሎችን ይዞ መምጣቱ ነው። ሕዋሳቱ የያዙት ቍጥር ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚለያይም፣ መድኀኒት በወረደባቸው ጊዜ ብዙዎቹ ሲሞቱ ለዚያ ፈተና የሚስማማ ቍጥር የያዙት ይተርፋሉ፤ እብጠቱም ከእነርሱ እንደ ገና ይበቅላል። ነገሩም የኒውሮብላስቶማ ብቻ አይደለም፤ በ2023 በታተመ ጥናት ሜዱሎብላስቶማ የተባለው የአንጎል ካንሰር ከያዛቸው 468 ሕሙማን በ18 በመቶው ላይ እንዲህ ያለ ቀለበት የተገኘ ሲሆን፣ የእነርሱም ደዌ ከሌሎቹ ይልቅ የሚመለስና የሚገድል ሆኖ ታይቷል።

ቍጥሩን ሳያውቁ ደዌውን ቶሎ ማግኘት ብቻውን እንደማይበቃ ጃፓን በራሷ ልምድ አስተምራለች። ከ1985 ጀምሮ በአገሪቱ ያሉ የስድስት ወር ሕፃናት ሽንት እየተመረመረ ብዙ ኒውሮብላስቶማ ተገኘ፤ የተገኘው ግን በአመዛኙ ቢተዉትም በራሱ ሊጠፋ የሚችለው ዓይነት ነበረ። በጀርመንና በካናዳዋ ኬቤክ የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያለው ምርመራ ሞትን እንዳልቀነሰ በ2002 ከገለጡ በኋላ፣ ጃፓንም በማግስቱ ዓመት ምርመራውን ለማቆም ወሰነች። ገዳዩ ዓይነት ሳይታወቅ ቀርቶ፣ ምንም የማያሻቸው ሕፃናት ለቀዶ ጥገናና ለኬሞቴራፒ መዳረጋቸው፣ ደዌን በስሙ ብቻ የመፍረድ ውጤት ነው።

ዛሬ ግን ሐኪሞች ከእብጠቱ ጥቂት ወስደው ዘረ መሉን በሚያበራ ቀለም ነክረው ይቈጥሩታል፤ ቍጥሩ ከፍ ያለበት ልጅ ጠንካራው ሕክምና ይታዘዝለታል፣ ደዌው ቀላል የሆነበት ሕፃንም አንዳንድ ጊዜ በክትትል ብቻ ይታለፋል። በ2010 በታተመ ጥናት በሽታ መከላከያ ኀይልን በእብጠቱ ላይ የሚያስነሣው ሕክምና ሲጨመርላቸው፣ ሁለት ዓመት ደዌው ሳይመለስባቸው የቈዩት ሕፃናት ከ46 በመቶ ወደ 66 በመቶ ከፍ ብለዋል፤ ከዚያው የተገኘው ዲኑቱክሲማብ የተባለ መድኀኒትም በ2015 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ኤን-ሚክን ራሱን በቀጥታ የሚመታ የተፈቀደ መድኀኒት ግን ገና የለም።

በመጨረሻም ለወላጆች የምለው አለኝ። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የኢየሱስ ደቀ መዛሙርት፣ ኀጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው እንደ ጠየቁ ሁሉ፣ ልጁ በካንሰር የታመመበት አባትና እናትም በየሌሊቱ ራሳቸውን ይከሳሉ። ኒውሮብላስቶማ በቤተ ሰብ የሚወረሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው፤ የዘረ መሉ መባዛት ግን በእብጠቱ ውስጥ የሚፈጠር እንጂ የሚወረስ አይደለም፤ በዚያው ልጅ በቀረው ሰውነት ውስጥ አባቱና እናቱ የሰጡት ሁለቱ ቅጅዎች በሥርዐታቸው ጸንተው ይኖራሉ። ስለዚህ ወላጅ በዚያ ሰዓት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ምን በደልሁ?» የሚለው ሳይሆን፣ ለሐኪሙ የሚቀርበው «ዘረ መሉ ተቈጥሯልን?» የሚለው ነው፤ ልጁ ምን ያህል ሕክምና እንደሚያሻው ለመወሰን የሚረዳው የዚህ ጥያቄ መልስ ነውና።