ሕመምተኛን ስለ ማገላበጥ

የታመመን መጠየቅ በአገራችን የተከበረ ልማድ ነው። ጎረቤት ይመጣል፤ በአልጋው ዙሪያ ይቀመጣል፤ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን ጠያቂ ሌላ፥ አስታማሚ ሌላ መሆኑን የተረዳሁት አምና አያቴ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ የአልጋ ቁራኛ በሆኑ ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከመቀመጫቸው በላይ ባለው አጥንት ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል ወጣ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ቁስል የበሽታው ቅጥያ አድርጎ ይቈጥረዋል። ልትጠይቃቸው የመጣች አንዲት ነርስ ግን ምክንያቱን አስረዳችን። ቁስሉን የሚያመጣው የገዛ አካል ክብደት ነው። አጥንት ሥጋን በፍራሽ ላይ ሲጫነው ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ደም ያልደረሰው ሥጋም ይሞታል። ጤነኛ ሰው ተኝቶም ሳለ ስለሚገላበጥ ይህ አያገኘውም። ለዚህ ቁስል ይበልጥ የተጋለጡት አጥንት የሚቀርባቸው ስፍራዎች ናቸው፤ እነርሱም ተረከዝ፥ ዳሌ፥ ክርንና የመሳሰሉት ናቸው።

የእንግሊዟ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ባሳተመችው የነርስነት መጽሐፍ ይህ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የበሽታው ሳይሆን የማስታመሙ ጉድለት መሆኑን ገልጣለች። ዛሬ በብርቱ በታመመ ሰው ላይ መልካም ጥበቃ እየተደረገለትም ሊወጣ እንደሚችል ይታወቃል፤ ቢሆንም አብዛኛውን መከላከል ይቻላል።

ስለዚህ ሌሊቱን ተከፋፈልነው። እናቴ በ4 ሰዓት፥ እኔ በ6 እና በ8 ሰዓት፥ ታናሽ እኅቴ በ10 ሰዓት እየተነሣን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ እናዞራቸዋለን፤ ከጀርባቸውም ትራስ እናስደግፋለን። መጐተት ቈዳን ስለሚልጥ የሚነሣ ሰው እንቀሰቅስና ለሁለት በአንሶላው እናነሣቸዋለን። ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ሥር ትራስ እናደርጋለን። የረጠበ አንሶላ ሳይውል ሳያድር ይለወጣል። እንደኛ ባለ ጥቁር ቈዳ ላይ መቅላቱ በግልጥ ስለማይታይ፥ ስፍራው መሞቁን ወይም መጠንከሩን በእጅ ዳስሶ መለየት ያስፈልጋል፤ ማሸት ግን የተጐዳውን ሥጋ ይብስ ይጐዳዋል። የቈሰለ ሥጋ የሚጠገነው በምግብም ስለ ሆነ እንቁላል፥ ወተትና ምስር አናጓድልባቸውም።

ከሁሉ የከበደኝ እንቅልፍ ማጣቱ አልነበረም። አያቴ በእኩለ ሌሊት «ልጄ፥ ተወኝ፤ ልረፍበት» ሲሉኝ ልቤ ይከፈል ነበር። ጎረቤቶችም «አታንገላቷቸው» ይሉን ነበር። ምክራቸው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ መልስ መስጠት ያስቸግራል። እኔ ግን «እማማ፥ ትንሽ ብቻ» እያልሁ አዞራቸው ነበር። ዝም ብሎ መተው ርኅራኄ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ዕረፍት የተባለው ያ ዝምታ ራሱ ሥጋን ይገድላል።

ቁስሉ ከሁለት ወር በኋላ ጠገገ። አያቴ ዳግመኛ በእግራቸው አልቆሙም፤ ዛሬም ከአልጋ ላይ ናቸው። ሆኖም በገላቸው ላይ አንድም ቁስል የለም፤ ሌሊቱንም ሳይቃትቱ ያድራሉ። ይህ ለቤታችን ትንሽ ነገር አይደለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለዚህም ይሠራል። የአልጋ ቁራኛ ወዳለበት ቤት ለጥየቃ ስትሄዱ፥ ከመቀመጣችሁ በፊት «መቼ ተገላበጡ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሰዓት አልፎም እንደ ሆነ፥ አስታማሚውን በአንሶላው ወዲያኛው ጫፍ አግዙት።