የሚንቀጠቀጥ መጋዝ እንዴት ይረጋል?

ስክሮል ሶው በተባለው መጋዝ ስስ ጣውላ ላይ ሐረግና ፊደል ለሚያወጣ ሰው ዋናው ጠላት ንዝረት ነው። ማሽኑ ሲርገፈገፍ በእርሳስ የተሰመረው መስመር ከዓይን ያመልጣል፤ እጅም ቶሎ ይዝላል።

ችግሩ ከአሠራሩ የመጣ ነው። ምላጩ በሁለት ክንዶች መካከል ተወጥሮ ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳል፤ ክንዶቹ አቅጣጫ በቀየሩ ቁጥር ክብደታቸው መላውን ማሽን ይገፈትራል። የዲዋልት ኩባንያ ዲደብልዩ 788 የተባለው መጋዝ በደቂቃ ከ400 እስከ 1,750 ጊዜ ይመላለሳል፤ ግን በድርብ ትይዩ ማያያዣ ስለሚሠራ የሚወዛወዙት ክፍሎቹ አጫጭር ናቸው፣ ንዝረቱም የረገበ ነው።

ይህ ማለት ግን ርካሽ መጋዝ ያለው ሰው ተስፋ ይቁረጥ ማለት አይደለም። ከሁሉ በፊት መቆሚያው ይታይ። ባለሦስት እግሩ ወጣ ገባ ወለል ላይም አይንገዳገድም፤ ከባለአራቱ ግን አንዱ እግር ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ማሽኑን ከከባድ ጠረጴዛ ጋር በብሎን ማሰር ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ከመቆሚያው ግርጌ አሸዋ የሞላ ከረጢት መጫንም እንዲሁ። ከእግሮቹ ሥር የሚነጠፍ ጎማ ድምፁ ወደ ወለሉ እንዳያልፍ ይረዳል እንጂ ብቻውን አይበቃም።

ከዚያ ፍጥነቱ አለ። ማሽኑና መቆሚያው አብረው የሚንቀጠቀጡበት ፍጥነት ስላለ፣ የተወሰነ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ከመቆሚያው ላይ አስቀምጦ ማዞሪያውን ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ውሃው በድንገት ክብ ክብ እየሠራ መናጥ ሲጀምር ያ ፍጥነት ተገኘ፤ ከሱ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ትናንት ያልነበረ ኳኳታ ዛሬ ከተሰማ ግን አሸዋ መጨመሩ ይቅር፤ የላላ ብሎን ወይም ያለቀ ኩሽኔታ ይፈለግ።