ከ60 ኪሎ በታች

ሲስተር ሦስቱን ጠርሙሶች ትሪው ላይ ደርድራ በእያንዳንዳቸው 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ በመርፌ ትጨምራለች። ከሥር ያለው ነጭ ዱቄት ቀስ እያለ ይሟሟል። መነቅነቅ ክልክል ነው፤ ጠርሙሱን በጣቶቿ ይዛ ዝግ ብላ ታሽከረክረዋለች። ከዚያ 250 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ ውስጥ ይገባና ቢያንስ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠብ፣ ጠብ እያለ ወደ ክንዴ ይወርዳል። በየመሀሉ የደም ግፊቴን ትለካለች፣ ሰውነቴ ይቆጣ እንደሆን ለማየት። ጎኔ የተኛ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ «ግሉኮስ ነው» እላለሁ። ኢንፍሊክሲማብ ብሎ ጀምሮ መጨረስ ረጅም ነው።

መታመም የጀመርኩት በ2014 ነው። በእኛ አገር የሆድ ሕመም የሚሄድበት የታወቀ መንገድ አለ፤ እኔም አንድ ፌርማታ ሳልዘል ሄድኩበት። መጀመሪያ ታይፎይድ ተባልኩ፣ ቀጥሎ አሜባ፣ ቀጥሎ ጨጓራ። ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት በማር አዘዙልኝ፤ ተልባም ጠጣሁ። ከ63 ኪሎ ወደ 47 ስወርድ እማዬ ሱሪዎቼን ማጥበብ ሰልችቷት ሾላ ገበያ ወርዳ የተማሪ ልጅ ሱሪ ገዛችልኝ። በመጨረሻ በኮሎኖስኮፒ ሲታይ የትንሹ አንጀቴ መጨረሻ ቆስሏል። ሐኪሙ ሁለት ስም ጠሩ፦ ወይ የአንጀት ቲቢ ነው፣ ወይ ክሮንስ።

ሁለቱ ያንኑ ቦታ ይወዳሉ። መልካቸውም ይመሳሰላል፤ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ታይቶ እንኳ አንዳንዴ መለየት ያቅታል። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ክሮንስ ላይ አንጀትን የሚያቆስለው የሰውነት መከላከያ ራሱ ስለሆነ እሱን ማብረድ ያስፈልጋል። ቲቢ ያለበትን ሰው መከላከያ ማብረድ ደግሞ ዘበኛውን አስክሮ ሌባውን ቤት ውስጥ መተው ነው። ስለዚህ ቲቢ በበዛበት አገር መጀመሪያ የሚታከመው ቲቢ ነው። 6 ወር፦ ሁለቱን ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ አራቱን ወር ሁለት ዓይነት። ሽንቴ ሚሪንዳ መሰለ። አንዲት አክስቴ እኛ ቤት ቡና መጠጣት አቆመች፤ የአንጀት ቲቢ በስኒ አይተላለፍም ብዬ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። 6 ወሩ አለቀ። ቁስሉ እዚያው ነበር። ክሮንስ ነው ተባለ።

ያ 6 ወር ባከነብኝ ብዬ ብዙ ተናድጃለሁ። በኋላ ግን ስለ መድኃኒቱ ሳነብ ንዴቴ ቅርጹን ቀየረ።

ቲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን አለ። የሰውነት መከላከያ ሴሎች «ኑ፣ እዚህ ችግር አለ» የሚባባሉበት ጩኸት ነው ልንለው እንችላለን። እኔ በየቀኑ ማስጠንቀቂያ ከሚልኩ ሰርቨሮች ጋር ስለምውል ሐሳቡ አልከበደኝም፤ ክሮንስ ማለት ችግር ሳይኖር ማስጠንቀቂያው ያለማቋረጥ ሲጮህ ነው። ኢንፍሊክሲማብ ጩኸቱን በአየር ላይ ይይዘዋል። የዚህ ፀረ እንግዳ አካል መነሻ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያን ቪልቼክ የሚባል፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ከቼኮዝሎቫኪያ የኮበለለ ሐኪምና ባልደረባው ጁንሚንግ ሌ ናቸው የሠሩት። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለክሮንስ ፈቀደችው። ሩብ ያህሉ ከአይጥ፣ ቀሪው ከሰው የተገኘ ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ታዲያ በጾም ይወሰዳል?» አለችኝ።

ችግሩ ያ ጩኸት ለሌላም ሥራ ይፈለጋል። ብዙ ሰው ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ ሳይታወቅ ተኝቷል፤ ሰውነት በሴሎች ግንብ ከቦ አስሮታል። ግንቡን አንድ ላይ የሚያቆመው ከሌሎች ጋር ይኸው ቲኤንኤፍ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ኢንፍሊክሲማብ ከጀመሩ በኋላ ቲቢ የያዛቸውን 70 ሰዎች ዘርዝሯል፤ ግማሽ ያህሉ የታመሙት በ12 ሳምንት ውስጥ ነው። ከ70ው ውስጥ 64ቱ ቲቢ ብርቅ በሆነባቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። ይህን ያነበብኩ ሌሊት አልተኛሁም። እነሱ ጋር እንዲህ ከሆነ፣ ለዘመናት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የታከሙበት ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ያለው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው፤ እኔ ያደግኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የዚያው ተራራ ሥር። ሐኪሙን ስጠይቃቸው ራጄን ወደ መብራቱ አንስተው አዩና «አንተ እኮ ሙሉ የቲቢ ሕክምና ወስደሃል፤ ሌላው ሰው ይህን ከመጀመሩ በፊት መከላከያ ይውጣል፣ ያንተ አልቋል» አሉኝ። ባከነ ያልኩት 6 ወር የመግቢያ ክፍያ ሆነ። «ግን ከአዲስ አያድንህም» ብለው ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ከመገናኛ ታክሲ ስሳፈር መስኮት እከፍታለሁ። «ብርድ ገባ» የሚል ተሳፋሪ ሁሌም አለ። ከሰው የተጣላሁባቸውን ቀኖች ብቆጥር አብዛኞቹ በመስኮት ነው።

ጥሬ ሥጋ ተከለከልኩ፤ ያልፈላ ወተትም። እነዚህ ቀላል ናቸው። ከባዱ ጸበሉ ነበር። እማዬ እኔ ስታመም ጀምሮ በየሳምንቱ ሌሊት ተነሥታ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥታ በቢጫ ጀሪካን ይዛልኝ ትመጣለች። ሐኪሙ ያልፈላ ውኃ አትጠጣ ብለውኛል።

«ላፍላው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምኑን?»

«ጸበሉን።»

እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን ነገርኳት፤ «እሳቸው አብራችሁ ውሰዱ አሉ እንጂ ቀቅሉት አሉ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እውነቷን ነው። አሁን ግንባሬንና ሆዴን ትቀባኛለች፤ አላጠጣችኝም። አንዳንድ ሌሊት የተኛሁ መስሏት ከንፈሬን በእርጥብ ጣቷ ስትነካ እሰማታለሁ። ዝም እላለሁ።

መድኃኒቱን እዚህ ፈልጌ ሳጣ የሚገዛልኝ ሕንድ የሚማር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሆነ። ዋናውን ሳይሆን አምሳያውን ነው፤ ዋጋው ይቀላል። ተመላላሽ ሰው በበረዶ ሣጥን፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ያመጣልኛል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት ማቀዝቀዣችን ውስጥ ሙቀት የሚለካ ነገር ሠርቼ ገጠምኩ፤ ከ8 ሲያልፍ በቴሌግራም መልእክት ይልካል። ኮራሁበት። ከዚያ መብራት ጠፋ። ከመብራቱ ጋር ዋይፋዩ ጠፋ፣ ከዋይፋዩ ጋር መልእክቱ ጠፋ፤ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሁሉ ሰላም መስሎኛል። ማታ ስገባ እማዬ ጠርሙሶቹን ከጎረቤት በመጣ በረዶ ከባ፣ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልላ ጎኑ ተቀምጣለች። «ከምሳ ጀምሮ አልተነሣሁም» አለች። እጄ እየተንቀጠቀጠ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዘርግቼ በስልክ መብራት አነበብኩ። ያልተከፈተ ጠርሙስ አንድ ጊዜ ከማቀዝቀዣ ውጭ እስከ 30 ዲግሪ፣ እስከ 6 ወር መቆየት ይችላል ይላል። ከወጣ በኋላ ግን ተመልሶ ማቀዝቀዣ አይገባም። ፈረንሳይ መቼ ነው 30 ዲግሪ የሚሆነው? ለእሷ ያልኳት «በረዶው ነው ያዳነው» ነው። መሣሪያውንም ቀየርኩት፤ አሁን በየሰዓቱ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ዝም ሲል ነው የምሮጠው።

ገንዘቡ። አወሳሰዱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ፣ ከ2 ሳምንት በኋላ፣ ከመጀመሪያው በ6ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየ8 ሳምንቱ። በመጀመሪያው ዓመት 8 ጊዜ፣ በሦስት ጠርሙስ 24 ጠርሙስ። ደሞዜ በብር ነው፣ ጠርሙሱ በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያን ሰሞን ለጓደኛዬ አራት ጊዜ ያህል «ቆይ፣ አትግዛ» ብዬ ጽፌ አራቱንም አጠፋሁት። ስምንተኛው ሳምንት ቆይ አይባልም፤ አራርቆ የሚወስድ ሰው ሰውነቱ መድኃኒቱን እንደ እንግዳ መቁጠር ሊጀምርና ሊዋጋው ይችላል። ላፕቶፔን ሸጥኩ፣ የቢሮውን ይዤ ቀጠልኩ።

መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም። አንዱ ጠርሙስ 100 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ በ100 ታካፍልና ወደ ላይ ታጠጋጋለህ። በ47 ኪሎ ሦስት ጠርሙስ ነው። በ60ም ሦስት። ከ60 ካለፍኩ አራተኛ ይከፈታል፤ የተረፈውም ይደፋል እንጂ አይቀመጥም። ሐኪሙ ለአንድና ለሁለት ኪሎ ብለን አራተኛ አንከፍትም ይላሉ፤ ጤነኛ ሳለሁ ግን 63 ነበርኩ፣ እማዬ ደግሞ 63 ላይ የምታቆም ሴት አይደለችም። መድኃኒቱ ሠርቷል። በጠዋት ቂንጬ፣ ማታ ሽሮ እበላለሁ፣ ይረጋል። ስወፍር ደስ ይላታል፤ ጉንጬን ትይዛለች። እኔ ሳህኑ ላይ አንድ ጉርሻ ሳስቀር ሕመሙ የተመለሰ ይመስላታል፤ የተውኩት ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ትናንት መገናኛ መንገድ ዳር ሚዛን የያዘ ልጅ ጋ ቆምኩ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፣ ቁልፌንም። ልጁ ሳቀብኝ። ጎንበስ ብሎ አነበበና «ጋሼ፣ 59 ከግማሽ» አለ።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እማዬ ቅቤውን አንጥራ ጨርሳለች።