ከቁጠባ ትምህርቱ በፊት የዕዳው ቀን ይስተካከል

ስለ ገበሬው ገንዘብ አያያዝ ሲወራ ቶሎ የሚሰማው ቃል «ግንዛቤ» ነው። ገበሬው አይቆጥብም፣ ያገኘውን በድግስ ይጨርሳል፣ ስለዚህ ሥልጠና ይሰጠው ይባላል። ሥልጠናውን አልነቅፍም፤ ችግሩ የተያዘው ግን ከተሳሳተ ጫፍ ይመስለኛል። በመኸር አብቃይ አካባቢዎች የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ አብዛኛው የሚገኘው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ወጪው ግን አሥራ ሁለት ወር ሙሉ አይቋረጥም። በዚያ ላይ የማዳበሪያ ብድሩ፣ የመሬት ግብሩና ልዩ ልዩ መዋጮው በብዙ ቦታ እህሉ ከአውድማ ሳይነሳ ተከታትለው ይመጣሉ። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም በዚያው ሰሞን ስለሚሸጡ ዋጋው ይወድቃል። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ በርካሽ የሸጠው ገበሬ ራሱ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል፤ ካልሆነም ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይቆማል። ይህን ያመጣው ሒሳብ አለማወቅ አይደለም፤ የገቢውና የዕዳው ቀን መጋጨት ነው።

ገበሬው አርቆ አያስብም የሚል ሰው ካለ አዊ ዞን ሄዶ ፋግታ ለኮማን ይይ። እዚያ ገበሬው በአሲድ የተጠቃ መሬቱ ላይ «ዲከረንስ» የሚባለውን ግራር ተክሎ አራት አምስት ዓመት ሲጠብቅ፣ ከዚያ ቆርጦ ከሰል ሲያከስል፣ መሬቱንም ለእህል ሲመልስ ቆይቷል። በሌላውም አካባቢ ቢሆን ለቤት ክዳን ወይም ለልጅ ሰርግ ታስቦ ዓመታት አስቀድሞ የሚተከል ባሕር ዛፍ ብርቅ አይደለም። በግና ፍየሉም ቁጠባ ነው፤ እየተራባ የሚቆይ፣ በክፉ ቀን ወደ ገበያ የሚነዳ ጥሪት። በባንክ ደብተር ስላልተመዘገበ ብቻ የለም ማለት ስህተት ነው። ይህ ጥሪት የራሱ ድክመት እንዳለው ግን አልክድም። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም ከብቱን ባንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ፣ ዋጋው የሚወርደው ገበሬው ገንዘቡን አጥብቆ በሚሻበት ሰሞን ነው። እዚህም ላይ ሰውየውን የጎዳው የመሸጫው ቀን ነው።

የቀኑ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ በምዕራብ ኬንያ በቆሎ አምራቾች ላይ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የእነ ኤስተር ዱፍሎ ጥናት የተነሳው ማዳበሪያ ለመግዛት እያሰቡ በዘር ወቅት ገንዘብ ከሚያጡ ገበሬዎች ነው። ምርቱ እንደገባ፣ ገንዘቡ ገና ከእጅ ሳይወጣ፣ አስቀድሞ ለሚከፍል ማዳበሪያው ያለ ማድረሻ ክፍያ ቤቱ ድረስ እንደሚመጣለት ተነገራቸው። በዚህ ቀላል ዘዴ የተጠቃሚው ቁጥር ጨመረ፤ ጭማሪውም ዘግይቶ የማዳበሪያውን ግማሽ ዋጋ በመደጎም ከሚገኘው አላነሰም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሌላው ጥናት ደግሞ በምርት ሰሞን ለገበሬዎች ብድር የሰጠ ነው። አስቸኳይ ወጪያቸውን በብድሩ ሸፍነው በቆሏቸውን አቆዩ፤ ዋጋው ሲሻል ሸጡ፤ ከብድሩም 29 በመቶ ያህል ትርፍ አገኙ። ለሰዎቹ የቁጠባ ስብከት አልተደረገላቸውም። በዋናነት የተቀየረው የመክፈያው ወይም የገንዘቡ መምጫ ወቅት ነው።

«ሁሉም ካቆየ ዋጋው መች ይጨምራል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። የኬንያው ጥናት ራሱ ይህን አይቶታል። ብዙ ገበሬ በተበደረበት አካባቢ የዋጋው መዋዠቅ ረገብ አለ፤ የተበዳሪው የግል ትርፍ ቀነሰ፤ ያልተበደረው ጎረቤት ግን ሳይጠቀም አልቀረም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ክረምት ላይ እህል ሸማች የሆነው የገጠር ድሀም የከተማ ሰውም የሚፈልገው እንዲህ ያለ የረጋ ዋጋ ነው። ገበሬው ጥቂት ኩንታል ባቆየ ቁጥር «እህል ደበቀ» እያሉ መክሰስም ከዚህ አንጻር ሲታይ አግባብ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደኝ የአበዳሪው ስጋት ነው። ክፍያው ወደ ሰኔ ቢገፋ እህሉ ተበልቶ ዕዳው ይቀራል ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። መፍትሔው ዕዳውን ለሁለት ከፍሎ ማስከፈል ነው፤ ከፊሉን በጥር፣ የቀረውን በሰኔ። ለቀሪው ደግሞ እህሉ ራሱ መያዣ ይሁን። ሕጉ አዲስ አይደለም። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ሰብልና ከብትን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። የአንድ ጎጆ ጥቂት ኩንታል ብቻውን መጋዘን ለመግባት ባይበቃ፣ የቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰብስቦ ሊያስገባው ይችላል። እንደ ኬንያው ገበሬው በምርት ሰሞን ማዳበሪያውን አስቀድሞ ይክፈል ሲባል፣ በጥር ማዳበሪያው ገና አገር ውስጥ አልገባም ለሚለውም መልስ አለ፤ ማዳበሪያው እስኪመጣ፣ ገንዘቡ በማኅበሩ በኩል በገበሬው ስም ተለይቶ ሊቀመጥ ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን እህሉ ካልተጠበቀ ከንቱ ነው። ነቀዝ የሚያስፈራው ገበሬ ቶሎ ቢሸጥ አይፈረድበትም። ፒክስ የሚባለው ከረጢት እዚህ ላይ ብዙ ይረዳል። ውስጡ ሁለት ላስቲክ፣ ውጪው ማዳበሪያ ከረጢት የመሰለ ሦስተኛ ሽፋን ነው። ሦስቱም ተራ በተራ ጥብቅ ተደርገው ሲታሰሩ አየር ስለማይገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት መድኃኒት መርጨትም ይቀራል። እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ግን ይሻግታልና ማድረቁ መቅደም አለበት። የቤቱን ቀለብ እየለካች የምታውቀው ሚስት ናትና ስንት ኩንታል ይቆይ፣ ስንት ይሸጥ የሚለው ምክክር እሷን ይዞ መሆን አለበት። አማራ ክልል በመሬት ደብተሩ ላይ የባልና የሚስትን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጓል፤ ስለ ብድር የሚደረገው ስብሰባም ሁለቱን በመጥራት ያንን መከተል ይገባዋል። ዋጋ ሊወርድም ስለሚችል ሁሉንም እህል ማቆየት አልመክርም።

ድግሱስ? ልክ ያጣ ሰርግና ተዝካር አለ፤ ቢቀነስ ደስ ይለኛል። ሆኖም ወጪውን ሁሉ ብክነት ብሎ መፈረጅ ከባድ ስህተት ነው። ለጎረቤቱ ሐዘንና ደስታ ያልቆመ ሰው፣ በሬው የሞተ ዕለት ወይም ለአጨዳ ደቦ ሲጠራ ማን ይመጣለታል? ኢንሹራንስ እምብዛም ባልደረሰበት ገጠር ዝምድናና ዕድር ኢንሹራንስ ናቸው።

የብድር ተቋማትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊዎች የመክፈያ ቀናችሁን ከገበሬው የሽያጭ ወቅት ጋር እያስተያያችሁ እንደገና እንድትመረምሩት እለምናለሁ። ከተማም ሆናችሁ ውጭ አገር፣ ገጠር ላሉ ወላጆቻችሁ ገንዘብ የምትልኩ ሁሉ ደግሞ የእናንተ ድርሻ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ነው። ነሐሴ ላይ «ቀለብ አለቀ» እስኪባል የምትጠብቁትን ብር ኅዳር ላይ፣ እህሉ ሳይሸጥ ላኩት። ስትደውሉም የማዳበሪያው ዕዳ መቼ እንደሚከፈል ጠይቁ።